ጣቴን ያደነዘዘው ደረቴ ነበር

ፍሬን ልይዝ ስል ጣቴ እምቢ አለኝ። ከዚህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ በኤሌክትሪክ ስለሚሞቅ የሞተረኛ ልብስ ያነበብኩት፣ የገዛሁት፣ የመለስኩት ሁሉ ከዚች ቅጽበት ነው የመጣው። ንጋት ላይ ነው፣ አየሩ 5 ዲግሪ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ሞተር ሳይክሌም ምንም እንከን የለበትም፣ በ90 እየነዳሁ ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና የፍሬን መብራቱ በራ። አየሁት። አእምሮዬ "ያዝ" ሲል ግን ጣቶቼ እጀታው ላይ እንደተጠመጠሙ ደርቀው ቀሩ፣ እንደምንም ዘርግቼ ፍሬኑ ላይ ሳሳርፋቸው ደግሞ ምን ያህል እንደጨበጥኩ አይሰማኝም፣ መያዜን ያወቅኩት የሞተሩ አፍንጫ ወደ ታች ሲደፋ ነው።

አልነካሁትም። ከመኪናው ጀርባ ተርፌ ዳር ይዤ ቆምኩ። ግን ቤት ገብቼ ሳሰላው ነው የደነገጥኩት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 25 ሜትር ነው፣ ጣቴ አንድ ሰከንድ ዘገየ ማለት 25 ሜትር ያለ ፍሬን ሄድኩ ማለት ነው። ሞተረኛ መሀል ብርድ የወንድነት ጉዳይ ተደርጎ ይወራል፣ "ቻለው፣ ትለምደዋለህ" ይባላል፣ እኔም ለስንት ዓመት ብያለሁ። ከዛ ቀን በኋላ አንድም ሰው እንዲህ ሲል ዝም ብዬ አላለፍኩም፣ ብርድ የፍሬን ጉዳይ ነው፣ እንደ ሳሳ ጎማ፣ እንዳለቀ የፍሬን ሸራ ማለት ነው።

ሲነዘንዘኝ የከረመው ግን መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ያን ቀን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጓንት አድርጌ ነበር። ከሞተሩ ባትሪ ጋር የተገናኘ፣ አዲስ፣ የመጨረሻው ሙቀት ላይ የተደረገ ጓንት። ታዲያ እንዴት?

ጓንቱ ጤነኛ ነበር

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዕቃውን ነው። ጓንቱን የገዛሁት በአንድ ቀን ውሳኔ ነው፣ እጄ በረደኝ፣ የእጅ ማሞቂያ ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ገዛሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው። ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኩት፣ በቴስተር ለካው፣ ሁለቱም እጅ እኩል ኤሌክትሪክ ይስባሉ፣ የተበጠሰ ሽቦ የለም። ሞተሩ ቆሞ ጓንቱን ሳደርገው ደግሞ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ዝቅ አድርገው ዝቅ አድርገው ያሰኛል። ሻጩ "ከዚህ የበረታ አለ፣ እሱን ውሰድ" አለኝ፣ ልወስድም ነበር፣ ገንዘቡን እስከመቁጠር ደርሻለሁ።

ከሱ በፊት ሌላም ሞክሬ ነበር፣ መሪው እጀታ ላይ የሚጠመጠም ማሞቂያ። እሱ መጥፎ አይደለም፣ መዳፍን ያሞቃል፣ ርካሽ ነው፣ የሚረሳ ገመድ የለውም። ችግሩ ነፋሱ የሚመታው መዳፍን አለመሆኑ ነው፣ የሚመታው የእጅን ጀርባና የጣት ጫፎችን ነው፣ መዳፍህ ሲጠበስ የጣቶችህ ጀርባ ይደርቃል። በዛ ላይ ወፍራም የብርድ ጓንት ካደረግክ የጓንቱ ውፍረት ከእጀታው የሚመጣውንም ሙቀት ይከለክለዋል። የሚሞቅ ጓንት የገዛሁት ለዚህ ነበር፣ ሙቀቱ የእጅ ጀርባ ላይና በየጣቱ ዙሪያ ስለሚሄድ። ሀሳቡ ልክ ነው። ግን ብቻውን አልሠራልኝም፣ ለምን እንዳልሠራልኝ ደግሞ በራሴ አልደረስኩበትም።

"የጓንቱን ንቀለውና ይሄን ሰካው"

ብዙ ዓመት የነዱ አንድ ትልቅ ሰው አብረውኝ ይነዳሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ከዛ ነገር ሦስት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ አብረን ረጅም መንገድ ወጣን፣ ብርዱ ያው ነው፣ ጓንቴ ያው ጓንት ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ቤንዚን ማደያ ቆምን። ሄልሜቴን ልፈታ ስል ጣቶቼ ማሰሪያውን ማግኘት አቃታቸው። ቆመው አዩኝ። ምንም አላሉም፣ ሄደው ሻንጣቸውን ከፈቱና አንዲት ስስ ጥቁር ሰደሪያ አወጡ፣ ሽቦ ያላት፣ እጅጌ የሌላት።

"ልበሳት፣ ከጃኬትህ ስር።"

"ጋሼ እጄ ነው እኮ የበረደኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ። የጓንቱን ንቀለውና ይሄን ሰካው።"

ሞተሬ ላይ ያለው መሰኪያ አንድ ብቻ ነው፣ ወይ ጓንቱ ወይ ሰደሪያዋ። እጄ እየደነዘዘ ለእጄ የሚሄደውን ሙቀት ቆርጬ ለደረቴ ልስጠው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሌላ ሰው ቢለኝ እምቢ እል ነበር። ለሳቸው እምቢ ማለት ስላልቻልኩ ብቻ አደረግኩት።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከበፊቱ ባሱ፣ ጓንቱ የሚሰጠኝ ትንሽ ሙቀት ሄደች፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑ፣ ሰደሪያዋ ደግሞ ገና እየተነሳች ነው። ወደ አስር ደቂቃ ላይ ጀርባዬና ደረቴ ሞቁ፣ ትከሻዬ ሽቅብ ወደ ጆሮዬ ተሰብስቦ እንደነበር ያወቅኩት ሲወርድ ነው፣ ጥርሴን ነክሼ እንደነበርም መንጋጋዬ ሲላላ ነው ያወቅኩት። ጣቴ ግን አሁንም የለም። እያሰብኩ ነበር፣ ቀጥሎ ስንቆም ጓንቱን እሰካለሁ ብዬ። ሀያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ከጥፍሮቼ ስር መርፌ መርፌ የሚል ነገር ጀመረኝ፣ ከዛ ጠነከረ፣ ቁርጥማት ሆነ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለካ ደም ሲመለስ እንደዛ ነው። ሲያልፍ የልብ ምቴ ጣቴ ጫፍ ላይ ሲመታ ተሰማኝ፣ በአውራ ጣቴ የፍሬቻውን ማብሪያ ነካሁት፣ ጠርዙ ተሰማኝ፣ ፍሬኑን ዝም ብዬ ትንሽ ሳብ ሳብ አደረግኩት፣ የት ላይ መያዝ እንደሚጀምር ተሰማኝ። ያልተሰካ ጓንት አድርጌ፣ በዛው ብርድ ውስጥ።

ቆመን ላመሰግናቸው ስል ያሉኝ አንድ ነገር ነው፣ "እጅ የሚሞቀው ከተረፈው ነው።" ይቺን ነገር እስካሁን አኝካታለሁ።

ሰውነት ማንን ያስቀድማል

ከዛ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ሰውነታችን ውስጡን 37 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ አለበት፣ ልብ ሳንባ ጉበት አንጎል ከዛ ብዙ ዝቅ ሲል አይሠሩም፣ 35 ከወረደ ሕክምናው ሃይፖሰርሚያ የሚለው አደጋ ውስጥ ተገብቷል። ስለዚህ ደረትና ሆድ መቀዝቀዝ ሲጀምሩ ሰውነት ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ጣት ጫፍ ላይ ደግሞ ደምን ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በአቋራጭ የሚያሳልፉ ትናንሽ በሮች አሉ፣ ሰውነት የሚተርፈው ሙቀት ሲኖረው ይከፈታሉ፣ ሲያጥረው ይዘጋሉ። ጣት በራሱ ሙቀት አያመርትም ማለት ይቻላል፣ ስስ ነው፣ ጡንቻው አብዛኛው ክንድ ላይ ነው ያለው፣ ሙቀቱን የሚያመጣለት ደም ነው። ደሙ ከቀረ በውጪ በኩል ሽቦ ብትጠመጥምበት ቆዳው ይሞቃል እንጂ ጣቱ አይመለስም፣ ነፋሱ ደግሞ የሰጠኸውን ወዲያው ይወስደዋል።

እኔ ጣቶቼ ደካማ የሆኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደረቴ እየቀዘቀዘ ሰውነቴ ጣቶቼን ሆን ብሎ ትቷቸው ነበር፣ ልቤን ለማዳን። ይሄን ሳስበው ቁጭትም ምስጋናም ነገር ይሰማኛል፣ ሰውነቴ ሥራውን በትክክል ሲሠራ እኔ በጓንት ስከራከረው ነው የከረምኩት። ደረቴ "በረደኝ" ብሎ አልነገረኝም፣ ይሄ ነው የሚያሳስተው፣ ደረት ቀስ እያለ ነው የሚቀዘቅዘው፣ የሚጮኸው ጣት ነው። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት −25 ዲግሪ ውስጥ ለ3 ሰዓት የቆዩ ሰዎች ደረታቸው በኤሌክትሪክ ሲሞቅ ጣቶቻቸው ሙቀታቸውን እንደጠበቁ ሳነብ ጋሼን አስታወስኩ፣ እሳቸው ይሄን ያወቁት በመንዳት ነው።

ነፋሱ ምን ያህል እንደሚወስድም ገመትኩት። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚጠቀሙበት የነፋስ ቅዝቃዜ ቀመር አለ፣ 5 ዲግሪን ከ90 ኪሎ ሜትር ነፋስ ጋር ስታስገባው −3 አካባቢ ይሰጥሃል። ቀመሩ የተሠራው ለሚራመድ ሰው ገላጣ ፊት ስለሆነ ለሞተረኛ በቀጥታ አይሆንም፣ ግን ቤት ደጃፍ ላይ ያየኸው 5 ዲግሪ መንገድ ላይ 5 እንዳልሆነ ይነግርሃል። ልብስህ ከረጠበ ደግሞ ሌላ ነው፣ ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ዝናብ የማያስገባ የውጪ ልብስ ሳይኖር የሚሞቅ ልብስ መግዛት በር ከፍቶ ምድጃ ማንደድ ነው። ላብም ያው ውሃ ነው፣ ከሁሉም ስር ጥጥ አልለብስም፣ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀራል፣ ስስ ሱፍ ወይም ለስፖርት የሚለበሰው ፖሊስተር ይሻላል።

ከጣቱ በላይ የሚያስፈራኝ ነገር ጭንቅላት ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ማሰብም ይዘገያል፣ ያኔ ደግሞ መዘግየትህን የምታውቅበት አእምሮ ራሱ ነው የዘገየው። እንደዛ ሆኜ የነዳኋቸው ስንት ጠዋቶች እንደነበሩ አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም።

ሞተሩስ ከምን ይስጥ

እንግዲህ ደረት ይቅደም ካልን ጥያቄው የሚሞቅ ሰደሪያ ነው ወይስ ባለ እጅጌ ገበር፣ ማለትም ከጃኬት ስር የሚለበስ እጅጌውም የሚሞቅ ልብስ፣ የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ልብሱን አይቶ ሞተሩን የሚረሳው። ሞተር የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ልክ አለው። ትንንሾቹ ከ150 እስከ 250 ዋት፣ መካከለኞቹ 300 እና 400፣ ትልልቆቹ የረጅም መንገድ ሞተሮች 500 እና ከዛም በላይ። የእኔ ማኑዋል 230 ይላል፣ ያውም ሞተሩ በደቂቃ 5000 ዙር ሲዞር። ቁጭ ብዬ ቀነስኩ፣ የፊት መብራት 55፣ የኋላ መብራት፣ ዳሽቦርድና የሰሌዳ መብራት ተደምረው 15፣ የነዳጅ ፓምፑ ከኢንጄክሽኑና ከእሳት ማስነሻው ጋር 80 ገደማ፣ ድምር 150። የሚተርፈኝ 80 ዋት ነው፣ በቃ።

ባለ እጅጌ ገበር ብዙ ጊዜ ከ65 እስከ 100 ዋት ይበላል፣ ያየሁት 90 ነበር። ሰደሪያ 45። ጥንድ ጓንት 25። ገበሩን ከጓንቱ ጋር 115፣ አይሆንም። ሰደሪያውን ከጓንቱ ጋር 70፣ ይሆናል፣ አስር ይተርፋል። ልቤ የፈለገው ገበሩን ነበር፣ ነፋስ የሚመታው ክንድ ላይ ስለሚሞቅና አንገቱም ስለሚሞቅ፣ ግን ሂሳቡ ሰደሪያ አለኝ። ሞተርህ ትልቅ ከሆነ ገበሩን ውሰድ፣ ምንም አታቅማማ። ሂሳቡን ሳይሠሩ የሚገዙ ሰዎች ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሆንባቸው እዚህ ነው፣ ሞቆህ ትደርስና ስትመለስ ሞተሩ አይነሳም።

ያውም ይሄ ሁሉ መንገድ ላይ ስትሮጥ ነው። በሚኒሞ፣ መብራት ላይ ወይም ትራፊክ ውስጥ ቆመህ፣ ሞተሩ ከዛ በጣም ያነሰ ነው የሚያመነጨው፣ የጎደለውን ከባትሪው ይወስዳል። ስለዚህ ትንሽ የቮልት ማሳያ መሪው አጠገብ አስገጠምኩ፣ ከገዛሁት ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ የምወደውም እሱ ነው። ስነዳ 13 ነጥብ 8፣ 14 ካለ ሰላም ነው። ከ13 ከወረደ ከባትሪዬ እየበላሁ ነው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ጓንቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሰደሪያውን መጨረሻ። በፊት ቢሆን ተቃራኒውን ነበር የማደርገው።

የራሳቸው ባትሪ ያላቸውም አሉ፣ በ7 ነጥብ 4 ቮልት የሚሠሩ፣ ገመድ የላቸውም፣ ከሞተሩ ስትወርድም ይሞቃሉ፣ ይሄ ደስ ይላል። ግን ሂሳቡን ሥራ፣ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በ7 ነጥብ 4 ቮልት 16 ዋት ሰዓት ነው፣ በ8 ዋት ከነዳኸው ሁለት ሰዓት፣ ሊትየም ባትሪ ደግሞ ብርድ ሲነካው ከዛም ያነሰ ይሰጣል። ለሠላሳ ደቂቃ የሥራ መንገድ ይበቃል፣ ሞተሩ ላይ ሽቦ መንካት ለማይፈልግ ሰውም ጥሩ ነው። ለግማሽ ቀን መንገድ አልመክርም፣ ምክንያቱም የሚያልቅብህ በጣም የራቅክበት ቦታ ላይ ነው።

ሲለኩት፣ ሲሰኩት

ሰደሪያውን ስገዛ የመጀመሪያው ስህተቴ ሰፊ መግዛቴ ነበር፣ ከስሩ ብዙ ልብስ እደርባለሁ ብዬ። መለስኩት። ሽቦው ሙቀት የሚሰጥህ ሲነካህ ነው፣ በአንተና በሱ መሀል አንድ ስስ ልብስ ብቻ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሙቀቱን የሚይዝና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ወፍራም ሹራብ ከስር ካደረግክ ሹራቡን ነው የምታሞቀው። ጎንና ጎኑ የሚለጠጥ ጨርቅ ያለውን ፈልግ፣ ሞተሩ ላይ እንደምትቀመጠው ጎንበስ ብለህ ለካው፣ ቆሞ የሚያምር ልብስ ጎንበስ ስትል ከጀርባህ ይለቅና ወገብህ ባዶ ይቀራል። አንገቱ ከፍ ያለ፣ ከተቻለ አንገቱም የሚሞቅ። ገበርም ሰደሪያም ብዙውን ጊዜ መከላከያ የላቸውም፣ አደጋ ላይ የሚያድንህ የውጪው ጃኬት ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ኢኤን 17092 በሚባለው ደረጃ ከኤ እስከ ሦስት ኤ ተብሎ ይመደባል። የሚሞቅ ጓንት ላይ ግን ሙቀቱም መከላከያውም አንድ ዕቃ ላይ ነው፣ ስለዚህ ስለ ሙቀቱ ብቻ አትጠይቅ፣ ኢኤን 13594 የሚል ምልክት አለው ወይ፣ የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል ወይ፣ አውራ ጣቱም ይሞቃል ወይ፣ ጨብጠኸው ፍሬንና ፍሪሲዮን ይሰማሃል ወይ። አንዳንዱ ጓንት በጣም ከመወፈሩ የተነሳ እጅህ ሞቆ ፍሬኑ የማይሰማህ ያደርግሃል፣ ያኔ ምን ተሻሻለ?

ሽቦው ላይ ሰዎች ሲሳቀቁ አያለሁ፣ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣ ገመድ፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ገመዱ ከቁልፉ ጋር በሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቢገናኝ ደግሞ ሞተሩን ስታጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ረስተኸው ባትሪህ አያልቅም። ብዙዎቹ ልብሶች ክብ መሰኪያ አላቸው፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ባለ ሁለት ጥርስ፣ ጓንትና ሰደሪያ ከተለያየ ቦታ ስትገዛ ይሄን አስቀድመህ እይ። የሙቀት መቆጣጠሪያው ላይ ገንዘብ አትቆጥብ፣ ጥሩው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ እያበራ እያጠፋ ነው የሚያመጣጥነው፣ ግማሽ ላይ ስታደርገው በአማካይ ግማሹን ዋት ነው የሚበላው፣ ባለ ሁለት ማዞሪያ ከሆነ ደግሞ ደረትን ለብቻ እጅን ለብቻ። እኔ መጀመሪያ የነበረኝ ሦስት ደረጃ ያለው ነበር፣ አንደኛው ይበርዳል ሁለተኛው ያቃጥላል።

ገመዱን ስትለብስ እንጂ ስትነዳ አታስተካክለው። አንድ ቀን ረፍዶብኝ የግራውን ገመድ ከእጅጌዬ ውጪ ትቼው ወጣሁ፣ መንገድ ላይ መሪውን ስጠመዝዝ ሲስበኝ ነው ያወቅኩት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። አሁን ከቤት ሳልወጣ ቆሜ መሪውን ግራ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዞራለሁ፣ ገመዱ ካልሳበኝ እወጣለሁ።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ከሞተር ትንሽ ይርቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች እንደዚህ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ይለብሱ ነበር፣ ከፍታው ላይ −40 እና ከዛ በታች ስለሚሆን። አሜሪካኖቹ ከለበሷቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሽቦው ከጫፍ ጫፍ አንድ ተከታታይ መስመር ነበር፣ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ልብሱ በሙሉ ይጠፋል፣ በኋላ ላይ የመጡት መስመሩን ከፋፍለው ነው ያስተካከሉት። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ሁልጊዜ ሻንጣዬ ውስጥ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ አንድ የብርድ ልብስና ሁለት ትርፍ ፊውዝ አለ። የሚሞቅ ልብስ ሲጠፋ በዛው ቅጽበት ስስ ልብስ ነው፣ አንተ ደግሞ ቤትህ አጠገብ አትሆንም።

ስለ ማቃጠልም ልበል። ትክክለኛው ሙቀት "ሞቀኝ" የሚያሰኘው አይደለም፣ ብርዱን የምትረሳበት ነው። ቆዳ በ44 ዲግሪ 6 ሰዓት ያህል ሲቆይ ሊቃጠል ይችላል፣ ሳያምም፣ ቀስ ብሎ። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም በሌላ ምክንያት እጅና እግሩ ላይ ስሜቱ የቀነሰ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዲገዛ አልፈልግም፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ሌላው ደግሞ ሰዓቱ፣ ከበረደህ በኋላ አታብራው፣ ከቤት ስትወጣ ዝቅ አድርገህ አብርተህ ውጣ። ሰውነት በሩን ከዘጋ በኋላ ማስከፈት ያን ቀን እንዳየሁት ሀያ ደቂቃና እንባ ይፈጃል።

የቀረችኝ አስር ዋት

የጋሼን ሰደሪያ የመለስኩት የራሴ ሲመጣ ነው። ስሰጣቸው ሻንጣቸው ውስጥ መልሰው ከተቷት፣ ያቺ ሰደሪያ የሳቸው አይደለችም ለካ፣ እሳቸው ገበር አላቸው፣ ሰደሪያዋን የሚይዟት እንደኔ ላለ ሰው ነው።

ከዛ ወዲህ ያ መንገድ ላይ ስንት ጠዋት ነድቻለሁ፣ 3 ዲግሪ ላይ፣ አንዴም 1 ላይ። ጓንቱን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው የማበራው፣ አንዳንዴ ጭራሽ አላበራውም። ያ የጭነት መኪና ፍሬን የያዘበት ቦታ ስደርስ ሁለት ጣቴን ፍሬኑ ላይ አሳርፋለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል፣ ብረቱ በጓንቱ ውስጥ ይሰማኛል።

አሁን የማስበው ስለ እግሬ ነው። ሰደሪያው እግሬንም አሻሽሎታል፣ ግን ረጅም መንገድ ላይ አውራ ጣቶቼ አሁንም ይደርቃሉ፣ የኋላ ፍሬኑ ደግሞ በእግር ነው። ጫማ ውስጥ የሚገባ የሚሞቅ ሶል 15 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፣ እኔ ያለኝ አስር ነው። ጓንቱን ግማሽ ላይ ካደረግኩ ወደ 12 ዋት ይለቅልኛል፣ ያኔ ይበቃል፣ ግን ጓንትም ሶልም ሙሉ የሚያስፈልገኝ ጠዋት ቢመጣስ? ጋሼን ስጠይቃቸው "ጫማህ ጠቦሃል፣ መጀመሪያ ሰፋ ያለ ግዛ፣ ደሙ ይለፍ" አሉኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጫማ ልለካ ነው።